ሦስት መቶ እስኪሞላ

አዲስ አበባ፣ የካ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለናዝሬት፣ ዓረብ አገር፣ አማን ከተማ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የሰው ቤት ሥራ አያድክምሽ፣ የሰው አገር ብርድ አያግኝሽ። እኔ ጉልበቴ ከየካ ዳገት ጋር ከመጣላቱ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ እትዬ ሸዋረጋም ደህና ናቸው። እሑድ ዕለት ሚካኤል ደጃፍ ተገናኝተን ስለ ወገባቸው ሲነግሩኝ ያስቀደሰው ሕዝብ ሁሉ አልፎን ሄደ።

የምጽፍልሽ የምሥራች ስላለኝ ነው። ልጅሽ ሃይሚ ዘንድሮ እኔ ክፍል ገባች፤ ሦስተኛ ለ። ስሟን መዝገቡ ላይ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደም የአጎቴ ልጅ ነው፤ እኔ ግን ወንድሜ ብዬ ነው ያደግሁት። የእሱን የልጅ ልጅ ፊደል ላስነብብ ነው ማለት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ስልኩን የምታገኚው አርብ ብቻ ነው፤ አርብ ደግሞ እናትሽና ልጅሽ ይሻሙሻል። ስለዚህ በደብተር ወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ጊዜ ስታገኚ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ክፍሌ ሃምሳ ስምንት ልጅ አለበት። እናቱ ሲ.ኤም.ሲ ሰው ቤት የምትሠራ አለ፣ እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ አለች፣ አባቷ ሲግናል ሱቅ ያለው አለች። ሁሉም አንድ ሕግ ያውቃሉ። በኔ ክፍል ሰው ላይ አይሳቅም። አንዱ ሲሳሳት የቀሩት «እንደገና» ይላሉ፣ ሌላ ነገር አይሉም። ሀያ አራት ዓመት አስተምሬ የተማርኩት ቢኖር ልጅ እየፈራ እንደማይማር ነው። ይህን ሳወራ ትንሽ እንደምጎርር አውቃለሁ፤ አንቺም ቻይው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ባለፈው ሐሙስ ሃይሚን «አንብቢ» ብያት ተነሳች። ጥሩ አድርጋ ጀመረች፣ መሐል ላይ ቆመች። ቃሉ ከብዷት አይደለም። ዓይኗ ተከፍቶ እያለ እኔን አታየኝም፤ ከንፈሯን ታላምጣለች። እስከ አስር ቢቆጠር ነው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ከተወችበት ቀጠለች። ቁርስ ሳትበላ መጥታ ይሆን? የማላውቀው ነገር ካለ ንገሪኝ። አስተማሪዋም ነኝ፣ ዘመዷም ነኝ።

ያሰብሽውን ያሳካልሽ።
ፀዳለ

አማን
ጥቅምት 5 ቀን ጀምሬ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረስኩት

ለተከበሩ እትዬ ፀዳለ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ደብዳቤዎን ኩሽና ውስጥ ቆሜ አራት ጊዜ አነበብኩት። ሃይሚ እርስዎ ጋ በመሆኗ የተሰማኝን ደስታ መናገር አልችልም።

የጠየቁኝ ነገር ምንም የሚያሳስብ አይደለም። ሃይሚ ደም ማነስ አለባት። ቁርስ ካልበላች ይደክማታል፣ ሌላ የለባትም። ብቻ እርስዎን ላስቸግርዎ። ከፊት ያስቀምጡልኝ፣ ግን በመስኮቱ በኩል አይሁን። የብረት በሩ አጠገብም አይሁን። ውሃ ልትቀዳ አይላኳት። ሰልፍ ላይ ፀሐይ ከበረታ ጥላ ያስይዙልኝ። ድንገት ብትተኛም ይተዉአት፣ ልጆቹ ግን አይክበቧት። ደግሞ ለማንም አይንገሩብኝ፤ ደም ማነሱን ማለቴ ነው።

አርብ አርብ አንድ ፎቶዋን ቢልኩልኝ። የምጠብቃቸው አሮጊት ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ግን የሃይሚን ፎቶ ሳሳያቸው ስልኩን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።
ልጅዎ ናዝሬት

የካ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝሬት ልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የጠየቅሽኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ከፊት አስቀምጫታለሁ፣ ከግድግዳው በኩል። አጠገቧ ሀናን የምትባል ልጅ አለች፤ የሲግናሉ ባለሱቅ የአቶ ጁነይድ ልጅ። ሁለቱ ሲያወሩ ካልለየኋቸው ቀኑን ሙሉ አይጨርሱም።

አትደንግጪ ብዬ ልጀምርና፣ ማክሰኞ ዕለት ሃይሚ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ቶሎ ነቃች። ውሃ ጠጣች፣ ትንሽ ተኛች፣ ከዚያ እናትሽ መጥተው ወሰዷት። ስትወድቅ ከንፈሯ ትንሽ ተላጠ፤ ቅባት ቀብተንላታል፣ ይድናል። ልጆቹ ደንግጠው ነበር፣ አሁን ተረጋግተዋል። በማግስቱም መጥታለች።

ደም ማነሱን የታከመችበት ካርድ ካለ የት እንደሆነ ንገሪኝ። ፎቶዋ ከዚህ ጋር አለ።

ፀዳለ

አማን
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፣ ጤና ይስጥልኝ፤

ብዙ ጊዜ የለኝም፣ እመቤቲቱ ገበያ ናት። ፎቶው ለምን ከጎን ብቻ ሆነ? ሌላውንም ፎቶ አየሁት፣ እሱም ከግራ ነው። ፊት ለፊት ያንሷት። እማዬን በስልክ ጠየቅኋት፣ «ተጫውታ ተጫጭራ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ሃይሚም «ምንም አልሆንኩም» ብላ ስለ ሀናን ታወራለች።

ስትወድቅ ስንት ሰው ነበር? የነካት አለ? እትዬ፣ ክብሪት የጫረባት ሰው አለ?

እባክዎ ይመልሱልኝ።
ናዝሬት

የካ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝሬት፤

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ክብሪት የጫረባት አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አለ። እኔ ነኝ።

እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ከሰሌዳው ዞር ስል እሷና ደብተሯ መሬት ላይ ናቸው። ሰውነቷ ደረቀ፣ ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አፏ አረፋ ደፈቀ። ልጆቹ ጮኸው ወደ በሩ ተጋፉ። እኔም «ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ» አልኳቸው። ስለ ሰላማዊ ክፍሌ ስጎርርብሽ የነበርኩት ሴትዮ ሃምሳ ሰባቱን ልጅ አስወጥቼ ልጅሽን ባዶ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ አስቀረኋት። ከዚያ መሳቢያዬን ከፈትኩ። የመምህራን ሻይ የሚፈላበት ቡታጋዝ ክብሪት እዚያ ነው የሚቀመጠው። ለምን ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲወድቅ ትልልቆቹ ሁሉ የሚሮጡት ክብሪት ፍለጋ ነበር። ጭረው ጭሱን ያሸቱታል፣ ሰውየው በራሱ ጊዜ ሲነቃ «ክብሪቱ አነቃው» ይባላል። እኔም ሁለት አንድ ላይ ጫርኩና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁ። ጭንቅላቷ በድንገት ዞረ። ከንፈሯን በቀኝ በኩል አቃጠልኳት።

ተላጠ ያልኩሽ እሱ ነው። ፎቶውን ከግራ የማነሳው ለዚህ ነው። እናትሽን «ለናዝሬት አይንገሯት» ብዬ የለመንኩትም እኔ ነኝ። ሃይሚን ግን አልለመንኳትም። እሷ በራሷ ነው የደበቀችልኝ፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ያመኛል።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። «ክብሪት» ብለሽ የጠየቅሽኝ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ስለምታውቂ ነው። ከመስኮት አርቁ፣ ከብረት በር አርቁ፣ አይክበቧት ያልሽኝ ለደም ማነስ አልነበረም። ብትነግሪኝ ኖሮ የሚያውቅ ሰው እጠይቅ ነበር። እናደድብሻለሁ፤ ከዚያ ጠዋት መጥታ ከፊቴ ስትቀመጥ ከንፈሯን አያለሁ፣ ንዴቱ ወደ ራሴ ይዞርብኛል።

እዚህ ያለው ነገር ጥሩ አይደለም። አሥራ ሁለት ወላጅ ፈርሞ ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ወልደሰንበት አቤቱታ አስገብቷል። ጽሑፉን የጻፉት የሀናን አባት አቶ ጁነይድ ናቸው። በትንፋሽና በምራቅ ይጋባል ይላሉ። አቶ ወልደሰንበት ክፉ ሰው አይደለም፣ ወረቀት ግን ይፈራል። «እስክትድን ቤት ብትቆይ ለራሷም ይሻላታል» አለኝ። ከጥምቀት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። እዚያ የሚረታ መልስ ካላገኘሁ ሃይሚ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። በእረፍት ሰዓት ደግሞ አዲስ ጨዋታ ተጀምሯል። አንዱ ይወድቅና ይንቀጠቀጣል፣ ሌሎቹ ይሸሻሉ። በኔ ክፍል ልጆች ነው የተጀመረው። እኔ አሳይቻቸዋለኋ፣ ስትወድቅ የሚሸሽ መሆኑን።

ትናንት ሃይሚ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። «ቲቸር፣ በሩ ጋ ልቀመጥ? ሲመጣብኝ እነሱ ከሚወጡ እኔ እወጣለሁ» አለች።

የሐኪም ካርድ አላት? ክኒን ትወስዳለች? እውነቱን ንገሪኝ። ይቅርታሽን ዛሬ አልጠይቅሽም፣ መልስሽን ግን እጠብቃለሁ።

ፀዳለ

አማን
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፤

ለመጪው ገና እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፣ ውሃውን የከፈትኩት እንዳይሰማ ነው።

መጀመሪያ የወደቀችው በአምስት ዓመቷ ነው፣ ሲግናል ተከራይተን በነበረ ጊዜ። አከራያችን በር ላይ ቆማ አየች። በሳምንቱ ልቀቁ አለችን። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት አስገባኋትና ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት፣ እርስዎ አሁን እንዳሉት እውነቱን። በሦስተኛው ቀን ሃይሚ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። መምህርቷ «ኃላፊነት መውሰድ አንችልም» አለችኝ። ጥሩ ሴት ነበረች፣ እጄን ይዛ ነው ያባረረችኝ። እትዬ፣ እርስዎ ዘመዴ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ እጄን ይዘው እንዳይመልሷት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ካርድ አላት። እማዬ ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ክኒንም አላት፣ ሐኪሙ በየቀኑ ማታ ማታ ሳይዘለል ብሏል። ልብ ይበሉ፣ ሳይዘለል። እዚያ እያለሁ እኔ ነበርኩ የምሰጣት፣ አንድ ዓመት ሙሉ አልወደቀችም ነበር። አሁን ለምን ወደቀች? እማዬን ስጠይቃት «እየሰጠኋት ነው» ትላለች። እባክዎ ሄደው ይዩልኝ፣ ግን ሳያስቀይሟት።

ስለ ክብሪቱ። ከአፍንጫዋ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ነጥብ የምታክል ጠባሳ አይተው ይሆናል። እኔ ነኝ። እኔ ሦስት ጊዜ ጭሬባታለሁ። በሦስተኛው ነው ያቃጠልኳት።

እንዳይለቋት ብቻ።
ናዝሬት

የካ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዚዬ፤

ጤናሽና ሰላምሽ ይብዛልኝ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ጋ ስደርስ ወረቀት ላይ ያለሽ መስሎኝ ስልኩን ሳምኩት። ከዚያ ተነስቼ እናትሽ ቤት ወጣሁ።

ክኒኑ ሞልቷል። ቆጠርኩት፣ ካለቀው ይልቅ የተረፈው ይበልጣል። እትዬ ሸዋረጋ የሚሰጧት ፊቷ የገረጣ በመሰላቸው ቀን ብቻ ነው። «ሳያማት ለምን አቃጥለዋለሁ፣ ያማት ቀን ባጣውስ?» አሉኝ። እንደ ራስ ምታት ክኒን ነው የያዙት። በዚያ ላይ እንጦጦ ጸበል በሚወስዷት ሳምንት ፈጽሞ አይሰጧትም። ተንኮል የለበትም ናዚ፣ አንዳች ነገር እንዳያልቅባቸው የሚሰስቱ ሴት ናቸው፤ አንቺም ከእሳቸው ነው የወጣሽው። እኔ ባስረዳ አልሰሙኝም። የንስሐ አባታቸውን ቄስ ወልደ ሐዋርያትን ጠራኋቸው። እሳቸው ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ክኒኑን በጸበሉ ትዋጠው፣ ምን ችግር አለው?» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። እኔ ሀያ አራት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ለዚህ አልበቃም።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ሰኚ የምትባል ነርስ አለች፣ ልጅ እግር ናት፣ ቁጣም ይቀርባታል። ክብሪቱን ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። ክፍላችን መጥታ ልጆቹን አስተማረቻቸው። ሲወድቅ አይሸሽም። ወንበርና ጠረጴዛ ይገፋል። ሹራብ ከጭንቅላቱ ሥር ይደረጋል። ወደ ጎን ይዞራል። አፍ ውስጥ ምንም አይከተትም፣ እጅና እግር ተጭኖ አይያዝም፣ ክብሪት አይጫርም። ከዚያ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ሦስት መቶ ሳይሞላ፣ ማለት አምስት ደቂቃ ሳይደርስ፣ ካቆመ ደህና ነው። ሦስት መቶ ከሞላ ፈጣኑ ልጅ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ፈጣኑ ማን ነው በሚለው ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጨቁ። መቁጠሩንም በሒሳብ ሰዓት እንለማመደዋለን። ሃይሚ ራሷ መሬት ላይ እየተኛች አለማመደቻቸው፤ ሹራቡ ከጭንቅላቷ ሲወጣ ትቆጣቸዋለች።

ስብሰባው ላይ ክብሪቱን ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለወላጆች ሁሉ ያደረግሁትን ነገርኩ። «ልጆቻችሁ ላይ አደጋ ያመጣው ሃይሚ አይደለችም፣ ያላወቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሲስተር ሰኚም እንደማይጋባ አስረዳች። አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ። አቶ ጁነይድ ግን ተነስተው «መምህርት፣ ንግግርዎ ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ ግን ከጎኗ ትነሳ» አሉ። ሀናንን ወደ ኋላ ወሰድኳት። የአስራ ሁለቱን ፊርማ ማንም አልሰረዘም። አቶ ወልደሰንበት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትቆይ አለ፤ ነገር ግን እንደገና ወድቃ ክፍሉ ከተረበሸ ያኔውኑ ትወጣለች። በጽሑፍ ነው የሰጠኝ።

ስለዚህ ሃይሚ አለች። እኔ ግን በየቀኑ ዓይኗን ሳይ ነው የምውለው። እርሳስ ከእጇ በወደቀ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ።

ፀዳለ

አማን
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፤

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? አንድ ወር የጠፋሁት አሮጊቷ ታመው ሆስፒታል አብሬያቸው ስለነበርኩ ነው፣ ስልክ አልነበረኝም። ወንበር ላይ ተቀምጬ እያሰብኩ ነበር የከረምኩት።

አስቤ የወሰንኩትን ልንገርዎ። ያስወጧት። እርስዎ ያደረጉትን ሳላመሰግን ቀርቼ አይደለም። ግን አንድ ቀን መውደቋ አይቀርም። ክኒኑ ቢኖርም ሐኪሙ «ፈጽሞ አትወድቅም ማለት አይደለም» ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ያወጣና ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አንዴ ቆማለች፣ ሁለተኛ አትቁም። እኔ ካስወጣኋት እናቷ አስወጣቻት ይባላል፣ ካባረሯት ግን ተባረረች ነው። ቤት ሆና እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢያስጠኗት ይበቃታል።

ሃይሚ እንዳትሰማ እርስዎ ለእማዬ ይንገሩልኝ። እኔ ድምፄ አይወጣም።

ናዝሬት

የካ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዚዬ፣ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አንድ ወር መልስ ያልሰጠሁሽ ቃልሽን ንቄ አይደለም። እናት ነሽ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። በየሳምንቱ «ይህን አርብ ለእትዬ ሸዋረጋ እነግራለሁ» እላለሁ፤ አርብ ሲደርስ ሃይሚ አንድ ነገር ጽፋ ታሳየኛለች፣ ወደሚቀጥለው አዛውረዋለሁ። አንዳንድ ቀን እውነትሽን ነው ብዬም ነበር። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም።

መጋቢት 18 ቀን፣ ሐሙስ፣ መገናኛ ለስልጠና ተጠራሁ። በኔ ቦታ ወንጌል የምትባል ዘንድሮ የተቀጠረች መምህርት ገባች። ለወንጌል ምንም አልነገርኳትም። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም፤ ለሁሉም ነግሬ ለሷ ብቻ ሳልነግር ሄድኩ። ስልጠናው ላይ ተቀምጬ ሳለ ትዝ አለኝ። ምን ልበልሽ፣ ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላጠልቅ ነው የወጣሁት። ታክሲው እስከ ሚካኤል አደረሰኝ፣ ዳገቱን በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩት።

ግቢው ውስጥ ስገባ ሦስተኛ ለ በር ላይ አንድም ልጅ የለም። ጩኸትም የለም። ጠጋ ስል ድምፅ ሰማሁ። ሃምሳ ሰባቱም በአንድ ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ «መቶ ሰባት፣ መቶ ስምንት፣ መቶ ዘጠኝ» ይላሉ።

ገባሁ። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ሃይሚ በጎኗ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ሹራብ ከጭንቅላቷ ሥር አለ። ከጎኗ ተንበርክካ ትከሻዋን የያዘቻት ሀናን ናት፤ ከኋላ ወንበር መቼ እንደደረሰች እሷም አታውቀውም። ፈጣኑ ልጅ በሩ ላይ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ ሦስት መቶን ይጠብቃል። ወንጌል ምስኪን ሰሌዳው ሥር ቆማለች። ልጅቷ ስትወድቅ ሻይ ቤቱ ድረስ ሮጣ ክብሪት አምጥታ ነበር። ሀናን ከመሬት ሳትነሳ «ቲቸር፣ ክብሪት አይጫርም። አንቺም ቁጠሪ» ብላታለች። ስደርስ ክብሪቱን በእጇ ይዛ አብራቸው እየቆጠረች ነው።

እኔም ቆጠርኩ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። መቶ አርባ አንድ ላይ ቆመላት።

ትንሽ ተኛች። ስትነቃ ግራ ተጋብታ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ሀናንን አየቻት። «ስንት ደረሰ?» አለች። «መቶ አርባ አንድ» አለቻት። ሃይሚ ዞር ብላ ክፍሉን አየች። «ማን ወጣ?»

«ማንም አልወጣም» አለቻት ሀናን።

ያኔ ነው እኔ ወጥቼ ግድግዳውን ይዤ ያለቀስኩት።

አቶ ወልደሰንበት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ያወጣል ብዬ ስጠብቅ «ክፍሉ ተረብሿል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጆቹ ጠረጴዛዎቹን ወደ ቦታቸው እየመለሱ ነበር። «የቱ ክፍል?» አልኩት። ሄደ። አልመጣም እስካሁን። ፊርማዎቹ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ናቸው፣ አንቺን ለማስደሰት ብዬ ሌላ አልልሽም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጁነይድ መጡ። ሃይሚ ራሷን ስታ ስለነበር ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሽንትና አረፋ ሹራቡን ነክቶት ነበር፤ የሀናን ሹራብ ነው። ሊጣሉኝ መጡ ብዬ ተዘጋጀሁ። ጾም ላይ ስለነበሩ ድክም ብሏቸዋል። መሬት መሬቱን እያዩ «መቁጠሩ እስከ ስንት ነበር ያላችሁት?» አሉኝ። ሦስት መቶ አልኳቸው። «ሀናን ቅዳሜ ሃይሚን ይዣት ልምጣ ብላ አስቸግራኛለች። ሱቅ ውስጥ ብትወድቅ እንዳልደናገር ብዬ ነው» አሉኝና ሄዱ። ሀናን ዛሬ ማንንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ፊት ተመልሳለች። እኔም አላየሁም።

አሁንም ቃሉ ያንቺ ነው። አስወጪያት ካልሽኝ ነገ ለእናትሽ እነግራለሁ። ፎቶ ግን ልኬልሻለሁ። ሀናን ናት በኔ ስልክ ያነሳቻት። ፊት ለፊት ነው።

ፀዳለ

አማን
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፀዳለ፤

እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ፎቶው ደርሶኛል። አሮጊቷ ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ስልኩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩና ከንፈሯን በጣታቸው ነኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። በግራ ያለው የኔ ነው፣ በቀኝ ያለው የአክስቴ ነው አልኳቸው። አልገባቸውም፣ እኔም አላብራራሁም። ጥርሷ ወልቋል አላላችሁኝም ነበር። እየሳቀች ነው።

የካቲት ላይ የጻፍኩትን ደብዳቤ ያጥፉልኝ። እማዬ ጋ ከደረሰም እንዳልጻፍኩት ይቁጠሩት። ክኒኑ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገሩኝ። ለመምህርት ወንጌልም አይዞሽ ይበሉልኝ፤ እኔም እንደሷ ሮጬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ሽንት የነካው ሹራብ ታጥቦም ቀለሙ ይለቃል። በሚቀጥለው ወር ወደ አገር ቤት የምትመጣ ልጅ አለች፣ ትንሽ ዕቃ እይዝልሻለሁ ብላኛለች። ሀናንን ግድግዳ አስደግፈው ቁመቷን ይለኩና ይላኩልኝ።

ናዝሬት